የታረቀኝ ልጅ በመካ መንገድ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። አንቺም የስልክሽን ድምፅ ቀንሺና እዚህ አጠገቤ ሁኚ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ልጅ ነው። ከመካከላችሁ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ልቡ የተነሳ አለ፤ ሄዶ የተመለሰም አለ፤ ለሁላችሁም ትሆናለች። እኔም ቸኩዬ አልነግራችሁም፣ እናንተም አትቸኩሉብኝ።

ልጅቷ ብዙየሁ ታረቀኝ ትባላለች። የወረኢሉ ልጅ ናት። ጂዳ በምትሠራበት ቤት ግን ብዙየሁ ብሎ የሚጠራት አንድም ሰው አልነበረም። እዚያ ሀጀር ነበረች፤ ሀጀር ሰይድ። ስሙን ያወጣላት ደሴ ያለ ደላላ ነው። "በክርስቲያን ስም ጥሩ ቤት አታገኚም" አላት፤ ከእሷ በፊት ለሄዱት ሁሉ እንዳለው። የራሷን ስም ለወጠ፤ የአባቷን ስም ታረቀኝንም አንስቶ ሰይድ አደረገው። ለፎቶው ሻርፕ አስጠመጠማት። "የአንገትሽንም ማተብ በጥሺው" ሲላት ግን እጇ እንቢ አላት። ፈታችና ከቦርሳዋ ገበር ውስጥ ሰፋችው። ማንም ሳያየው ባሕር ተሻገረ።

ያሠሯት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ነገሩን ያከበደባት እሱ ነውና። ማዳም ስትቆጣ ትጮኻለች፣ ሲበርድላት ታቅፋለች። ልጇ ሰላሀዲን ትልቅ ሰው ነው፤ የብዙየሁ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ማለት ነው፣ በእሱ ስም ነው የሚታደሰው። ከፊሏ፣ ዋስ ሆኖ ያስመጣት አሠሪ ማለት ነው፣ እሱ ነው። የማዳም እናት ደግሞ አሉ። አያት ስለሆኑ ቤቱ በሙሉ "ሲቲ" ይላቸዋል። ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። የምታነሳቸው፣ የምታጥባቸው፣ ፀጉራቸውን የምትጎነጉንላቸው ብዙየሁ ናት። ሌላ ሰው ከነካቸው ይቆጣሉ። እሷ ስትመጣ ግን ደህነኛውን ክንዳቸውን አንገቷ ላይ ጣል ያደርጉና "ያላ ግመሌ፣ ተነሽ" ይሏታል።

"ግመሏን ዛሬ ጭነቱ ከብዷታል" ትላቸዋለች። ይስቃሉ።

እዚያ ሳለች አባቷ አረፉ። መርዶውን በስልክ ሰማች፤ የታጠበ ልብስ እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማዳም መጥታ አቅፋ አለቀሰች። ሲቲም አስጠሯትና እጇን ይዘው "የአባትሽ ስም ማን ነበር? በየጠዋቱ ሱብሂ ሶላት ዱዓ አደርግላቸዋለሁ" አሏት። ታረቀኝ ልትል አፏን ከፈተች። ስሙ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ከዚያ ፓስፖርቱ ትዝ አላትና ዋጠችው።

"ሰይድ" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲቲ ማለዳ ማለዳ ለውዱእ እጃቸውን ስታስታጥባቸው፣ "ያ ረብ፣ ለሰይድ እዘንለት" ይላሉ። ብዙየሁ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ትሰማለች። ወረኢሉ አፈር የገባው አባቷ የሚለምንለት አላጣም፤ ስሙን ግን ገዛ ልጁ ቀበረችው። ልጆቼ፣ ከባድ ሥራ ያልሰበራትን ልጅ ይህ ነገር ሊሰብራት ደረሰ።

ያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም የገጠሙበት ነበር። ብዙየሁ ከቤቱ ጋር እስከ ማግሪብ ትጾማለች። አዛን ብሎ ማዕዱ ሲቀርብ ግን እጇ ወደ ቴምሩ፣ ወደ ፉሉ፣ ወደ ሰላጣው ብቻ ነው የሚሄደው። የስጋ ሳምቡሳው ይቀርባል፣ ሾርባው ይቀርባል፣ ወተቱ ይቀርባል፤ አልፋው ትሄዳለች።

"ሀጀር፣ ስጋ ለምን አትበዪም?" አለቻት ማዳም።

"ጨጓራዬ ነው፣ ማዳም።"

ማዳም ግን አላመነችም። መልካም ሥራዋን የምትደብቅ መሰላት። ለእህቷ በስልክ "ሹፊ፣ ይቺ ሐበሻ እኮ እኛ እየበላን እሷ ትጾማለች። ቀኑ አልበቃት ብሎ ማታም ትጾማለች" ብላ አወራች። እህትየዋ መጣች፤ "ልጄ ፈተና አለበትና ዱዓ አድርጊለት" አለቻት። ጎረቤትም ሰማ። የጌታዋን ጾም ደብቃ የጾመች ልጅ፣ በሰፈሩ የታወቀች ሙስሊም ሆና አረፈችው።

አንድ ቀን ማዳም ፊቷ በርቶ መጣች። "ሀጀር፣ ረመዳን ሳይወጣ ሲቲን ይዘን ኡምራ እንሄዳለን። አንቺም ትሄጃለሽ። ፈቃድሽን በስልኬ አውጥቼልሻለሁ። ሀጀር የምትባል ሴት፣ እንደ አንቺ የምትጾም፣ መካን ሳታይ ትቅር?"

ሲቲ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ጋሪዬን የምትገፊው አንቺ ነሽ። ከዚህ በኋላ ሐረሙን የማየው አይመስለኝም።"

መካ ለሙስሊም ብቻ የተፈቀደች ከተማ መሆኗን ታውቃላችሁ። ብዙየሁም ታውቃለች። ቀና ብላ "ሹክረን" አለች፤ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች፤ ውሃውን ከፍታ እጇን ሳታስገባ ቆመች።

አርብ ከሰዓት መውጣት ይፈቅዱላት ነበርና ሂንዳዊያ ወደሚባለው የጂዳ ሰፈር ሄደች። እዚያ ከአንድ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ በላይ፣ ምንተስኖት የሚባል ልጅ የተከራያት ክፍል አለች። ምንተስኖት ኑዝላ የሚባል ሰፈር እየወጣ ያገኘውን የሚሠራ፣ ጂብሰም የሚለጥፍ የቀን ሠራተኛ ነው። አርብ አርብ ጥቂት ክርስቲያኖች እዚያ ተሰብስበው ይጸልያሉ። ድምፃቸው ወደ ውጭ እንዳይወጣ የልብስ ማጠቢያዋን ባዶዋን ያስነሷታል። እሷ ስታጉረመርም እነሱ ይዘምራሉ፤ ስታቆም እነሱም ያቆማሉ።

ምንተስኖት ሰባኪ አልነበረም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረችው፤ በየሳምንቱ እየዞረ ያንኑ ይጠይቃል። "ይህን ሳምንት የኖረው ማን ነው? አንተ ነህ ወይስ የወረቀቱ ሰውዬ?" ይላል። "ደቀ መዝሙር ማለት ተከታይ ነው፤ ጌታ የሚጠራው ደግሞ በደላላ ስም አይደለም። በኋላ የሚጸጽተን እኛ ያልኖርነው ሳምንት ነው።"

ብዙየሁ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ቀድማ የተናገረችው በወረቀት ሂክማ፣ በእናቷ ቤት ማስረሻ የምትባለው ናት።

"ግቢያ ታዲያ። ጋሪ መግፋት ነው። እግዚአብሔር ልብ ያያል።"

"እሱ ያያል። እኔስ?" አለች ብዙየሁ።

"አንቺማ ዓይንሽን ጨፍኚ።" ሰዎቹ ሳቁ። ማስረሻ ግን አልሳቀችም። "የምሬን ነው። ከተናገርሽ ያባርሩሻል። ማንም አያመሰግንሽም። እናትሽ የምትበላውን ማን ይልካል? አንተስ ምን ዝም ትላለህ፣ ምንተስኖት? ላንተ ቀላል ነው፣ ጂብሰም ማዳም የለው።"

ምንተስኖት የጣቱን ነጭ አቧራ ሲያራግፍ ቆየ። "እኔ ግቢም አትግቢም አልልሽም። በመጽሐፍ ቅዱስ ጌታ ስለ ጠራት ስለዚያች ገረድ፣ እነሱ ሀጀር ስለሚሏት፣ ታውቂያለሽ። በረሃ ላይ አገኛትና ከየት መጣሽ፣ ወዴትስ ነሽ አላት። የምትመልሺለትን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ አርብ ስትመጪ ያችኑ ጥያቄዬን ነው የምጠይቅሽ።"

ማጠቢያዋ ቆመች። እነሱም ቆሙ።

ስትወጣ ለነጂባ ደወለች። ነጂባ ሙስሊም ናት፤ መካ፣ ዑተይቢያ የሚባል ሰፈር ትሠራለች። የሁለቱ አባቶች ወረኢሉ ላይ በሬ ተቀናጅተው ያርሱ ነበር። የአንዱ በሬ ከሌላው በሬ ጋር ሲጠመድ ነው ልጆቹ ያደጉት።

"ብዙዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ድምፅሽ ጠፋብኝ" አለች ነጂባ።

ነገረቻት። ነጂባም "ወላሂ አልዋሽሽም" አለች። "እንድትገቢ አልፈልግም። ለኔ ሐረም፣ ቅዱስ ስፍራ ነው፤ በውሸት አትግቢብኝ። ላንቺም ውርደት ነው። አባቴ የአባትሽን ቃሬዛ ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄዷል። ለቅሶ ተቀምጧል። አንቺ ጂዳ ላይ ሆነሽ ማንን ነው ያስቀበርሽን? ሰይድ ማን ነው? በሬ ነበረው?"

ብዙየሁ እያለቀሰች ሳቀች።

"አብሽሪ። ሴትየዋን እኔ እገፋልሻለሁ፤ ለኔም አጅር ነው፣ ጽድቅ ነው። ፈቃዴን አወጣለሁ። ሲደርሱ ብቻ ደውዪልኝ። የቀረውን ግን አንቺ ነሽ የምትናገሪው።"

እንግዲህ ቶሎ ተናገረች ብዬ ባወራችሁ ደስ ባለኝ። አልተናገረችም። በማግስቱ ልትናገር አሰበች፤ ማዳም ነጭ አዲስ ልብስ ገዝታ አመጣችላት። ደግሞ በማግስቱ አሰበች፤ ሲቲ ታመው ዋሉ። ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ነጩን ልብስ ለብሳ፣ ሲቲን አቅፋ መኪና ውስጥ አስገባች፤ ጋሪውን አጥፋ ከኋላ ጫነች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሰላሀዲን ይነዳል፣ ማዳም ከፊት ናት። ሲቲ የብዙየሁን እጅ ይዘው ለበይክ፣ ለበይክ ይላሉ።

ከጂዳ ወጥተው ሜዳው አለቀና ጥቁር ድንጋያማ ኮረብታ ተጀመረ። ወደ ኬላው ሲቃረቡ፣ ወደ ሐረሙ የሚገባ በዚህ፣ የማይገባ በዚያ የሚለው ትልቁ ሰሌዳ ከሩቅ ታየ። ብዙየሁ አየችው። ማለዳ ማለዳ የምትሰማው ድምፅ፣ "ለሰይድ እዘንለት" የሚለው፣ ጆሮዋ ውስጥ ተነሳ።

"ሰላሀዲን፣ እባክህ ማደያው ጋ አቁምልኝ።"

መጸዳጃ የፈለገች መስሎት አቆመ። ወረደች። መኪናውን ዞራ በሲቲ በኩል በሩን ከፈተች፤ በጉልበቷ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች።

"ሲቲ፣ እኔ አልገባም። ሀጀር አይደለሁም። ሙስሊም አይደለሁም። ክርስቲያን ነኝ። ስሜ ብዙየሁ ነው።"

ማዳም ዞረች። "ፀሐይ ነው የመታሽ?"

"ደህና ነኝ፣ ማዳም።"

"ታዲያ ማን ነው የጾመው?"

"እኔ ነኝ። የእኛም ጾም ነበር። ስጋውን የተውኩት ለዚያ ነው።"

"ለእህቴ ልጅ ዱዓ ያደረግሽውስ?"

"ጸለይኩለት። ለማውቀው ጌታ ነገርኩለት።"

"ልጁ እኮ ፈተናውን አለፈ" አለች ማዳም፣ ተቆጥታ።

"ደስ ይለኛል፣ ማዳም።"

ሰላሀዲን ከመኪናው ወርዶ ነበር። ፊቱ ቀልቷል። "እዚህ ድረስ አንቺን ይዤ መጥቼ። ኬላው ላይ ቢታወቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እንጀራችንን እየበላሽ፣ አያቴን እያቀፍሽ ስትዋሺን ኖርሽ።"

"ዋሽቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እዚያ ገብቼ ግን አልጨምርበትም።"

"አንድ ስልክ ብደውል ዛሬውኑ ተርሂል እንደምትገቢ ታውቂያለሽ?" ተርሂል ከአገር የሚባረሩት የሚታጎሩበት እስር ቤት ነው።

"አውቃለሁ። ደውል። የትም አልሸሽም።"

ስልኩን አወጣ። ማዳም እጁን ያዘችው። ወርዳ መጣች፤ ብዙየሁን ትከሻዋን ይዛ አስነሳቻት፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከጩኸቱ ይልቅ ያ ነበር የሚያስፈራው።

"ስሚኝ ልጄ። ሸሀዳዋ ሁለት ቃል ናት። አሁን እዚሁ በያት፤ እኔና ልጄ ምስክር ነን፣ ኸላስ። ወረቀትሽም እውነት ይሆናል፣ ሥራሽም አይቀርብሽም። እናቴንም ትገፊያታለሽ። አንቺን የመሰለች ልጅ ማጣት አልፈልግም።"

ልጆቼ፣ ማዳም ይህን ያለችው ከልቧ ወድዳት ነው። ብዙየሁም ያንን አውቃለች። ቀና ብላ አየቻት።

"ማዳም፣ እርስዎ ለወረቀት ብለው ሃይማኖትዎን ይለውጣሉ?"

"አስተግፊሩላህ።"

"እኔም እንደዚያው ነኝ።"

ማዳም እጇን ከትከሻዋ አነሳች። ሲቲ ከመኪናው ውስጥ ሲያዩዋት ቆይተው ነበር።

"ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሰይድ ማን ነው?" አሉ።

"ማንም አይደለም፣ ሲቲ። ደላላው የጻፈው ስም ነው።"

"ታዲያ እኔ ለማን ነበር ስለምን የኖርኩት?"

ለሰላሀዲን ያላለቀሰችው፣ ለተርሂል ያላለቀሰችው ልጅ ይሄኔ አለቀሰች። "የአባቴ ስም ታረቀኝ ነው። ታረቀኝ ይባሉ ነበር። ያን ጊዜ መናገር ፈርቼ ነው።"

"ታሪቂኝ" አሉ ሲቲ፣ ስሙን በጥርሳቸው እንደሚፈትኑት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ወዲያኛው መስኮት አዞሩ።

"ሲቲ፣ ከበሩ ላይ ነጂባ ትጠብቅዎታለች። የአገሬ ልጅ ናት፣ ሙስሊም ናት፣ ጥሩ አድርጋ ትይዝዎታለች። እኔ እዚሁ እጠብቅዎታለሁ።"

ሰላሀዲን በሩን ዘጋው፣ መኪናው ሄደ። ለነጂባ ደወለች፤ የመኪናውን ዓይነትና የሲቲን መልክ ነገረቻት። ከዚያ በማደያው ጥግ፣ ጥላው ጠባብ የሆነ ግድግዳ ሥር ተቀመጠች።

አንድ ትንሽ የጭነት መኪና ነዳጅ ሊቀዳ ገባ። ሾፌሩ ሐበሻ ነው። ለብቻዋ ስትቀመጥ አይቶ በመስኮት ጠራት። "እህት፣ ወደ ሂንዳዊያ ነኝ። ግቢ፣ ላድርስሽ።"

"ሰው እየጠበቅኩ ነው።"

"ማንን?"

"አሠሪዎቼን። ሊያስሩኝም ይችላሉ።"

አፉን ከፍቶ አያት። "ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ሂንዳዊያ ገብተሽ ጥፊ። ማን ያገኝሻል? ስንቱ በሌላ ስም ይኖር የለም እንዴ?"

"እሱን ነው የተውኩት" አለችው።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። የውሃ ጠርሙስ ሰጣት። "ጾመኛ ነኝ" አለችው። "እኔስ?" አለና ሳቀ፤ "ለማፍጠሪያሽ ይሁንሽ" ብሎ አጠገቧ አስቀምጦላት ሄደ። መሄጃ ነበራት፣ ልብ በሉ። በሩ ተከፍቶላት ነበር። በስውር መኖርን ግን ሞክራዋለች፤ ከሰው ምን እንደሚበላ ታውቃለች።

መኪናው ከዓይኗ ሲሰወር ቦርሳዋን ከፈተች። የገበሩን ስፌት በጥርሷ ፈታች። ጥቁሩን ክር አወጣችና በዚያው በመካ መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንገቷ ላይ አሠረችው። ጥላው ሲሸሽ እየተከተለችው ተቀመጠች።

ዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት፣ አልፎ የእነ ሰላሀዲን መኪና ተመልሶ መጣ። ፖሊስ አልነበረበትም። ሰላሀዲን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ማተቧን አየ፤ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

"ከዒድ በኋላ ኹሩጅ፣ የመውጫ ወረቀትሽን፣ እመታልሻለሁ። ወደ አገርሽ ትገቢያለሽ። ተርሂል አላስገባሽም፤ እሱንም ለአያቴ ስል ነው።"

"እሺ።"

"ቅር አይልሽም?"

"ሥራው ይቀርብኛል። ሲቲም ይቀሩብኛል። ሌላ ቅር የሚለኝ የለም።"

ከኋላ ማዳም ነበረች። ሲቲን ደግፋ ለመያዝ ስትታገል ሻርፗ ተጣሟል። ብዙየሁ ገባች፤ ማዳም ቦታውን ሳትናገር ለቀቀችላት። ሲቲ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መኪናው ጥቂት ከሄደ በኋላ ደህነኛው ክንዳቸው ተነሳና አንገቷ ላይ ወደቀ፤ ማተቡ ላይ።

"እህትሽ ጉልበታም ናት" አሉ። "ግመል ግን አይደለችም።"

"አልጎዳችዎትም?"

"አልጎዳችኝም። ስሙንም አስተካከለችልኝ።" ዓይናቸውን ገለጡ። "ታ-ረ-ቀኝ። እዚያ ሆኜ ለታረቀኝ ልጅ ለመንኩ። የሄደችበት ይቅናት ብዬ።"

ሰላሀዲን በመስታወቱ አየና ሊናገር አፉን ከፈተ። "አንተ መንገድህን ንዳ" አሉት ሲቲ።

ማዳም ለብዙ ቀን አላናገረቻትም። አንድ ማግሪብ ላይ ግን ስጋም ቅቤም ያልነካው የምስር ሾርባ ለብቻው አምጥታ ከፊቷ አስቀመጠች። "ለጨጓራሽ" አለች፤ ሳትስቅ ሄደች።

አርብ ሂንዳዊያ ስትደርስ ማጠቢያዋ እያጉረመረመች ነበር። ምንተስኖት ማተቧን አየ፤ እንደ ልማዱ ግን ጠየቃት። "ይህን ሳምንት የኖረው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አለች። ማስረሻ ከጥግ ሆና ስታያት ቆየች፤ ከዚያ ተነስታ ማጠቢያዋን አጠፋቻት። ያን ቀን ቀስ ብለው፣ ያለ ጩኸት መሸሸጊያ ዘመሩ።

ከዒድ በኋላ አገሯ ገባች። በመጀመሪያ የሄደችው ወረኢሉ፣ አባቷ መቃብር ላይ ነው። የነጂባ አባት አብረዋት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ቀላል አልሆነም፤ ደሴ ላይ ሽማግሌና በሽተኛ እያስታመመች ነው የምትኖረው። ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ሲመጡ ተቀመጡ ትላቸዋለች፤ አትሂዱም አትልም። የአባታችሁን ስም ግን ለማንም እንዳትሸጡ ትላቸዋለች።

ልጆቼ፣ ስላዳመጣችሁኝ ተባረኩ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ከየት መጣሽ፣ ማን ነህ የሚላችሁ ሰው ሲመጣና እውነተኛው ስም ጉሮሯችሁ ላይ ሲደርስ፣ እባካችሁ በዚያ ማደያ ግድግዳ ሥር የተቀመጠችውን የታረቀኝን ልጅ አስታውሱልኝ።